አምስት ግድግዳ



ከባሕር ዳር ተነስቶ በመርዓዊ በኩል ወደ ዳንግላ የሚሄድ መንገደኛ ዱርቤቴን ሳያይ አያልፍም። የደቡብ አቸፈር ከተማ ናት፤ አስፋልቱ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። እዚያ አስፋልቱ ዳር ስድስት አሮጌ ሱቆች ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ቆመው ነበር። "ነበር" ያልነው ዛሬ አምስት ስለሆኑ ነው። ሦስተኛዋ ፈርሳለች። ስትፈርስ የስምምነቱን ወረቀት የጻፍነው እኛ ነን። ስለዚህ ስለ ቅርስ ሊያስተምራችሁ የተነሳ ሰው አይምሰላችሁ፤ የገዛ እስክሪብቶውን የሚከስ ሰው ነው። ("እኛ" የምንለው ለክብር አይደለም። "እኔ" የምትለዋን ቃል ሸይኻችን ገና በልጅነታችን ከአፋችን ላይ በአርጩሜ ነው ያራገፏት።)

ሱቆቹ የጭቃ ናቸው። ባሕር ዛፍ ቆሞ፣ በማገር ተያይዞ፣ ጭቃና ጭድ በእግር ተረግጦ የተመረጉ፤ ጣሪያቸው ቆርቆሮ። ከፊት ሱቁ፣ ከሱቁ ኋላ ጓዳው፣ ከጓዳው ኋላ ጓሮው። ነጋዴው ሚዛኑ ያለበት ቤት ውስጥ ይተኛል፤ ልጁም እዚያው ይወለዳል። በረንዳቸው ግን የጋራ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ። ሐምሌ ላይ ከመድረሳ ስንለቀቅ ሉሓችንን በብብታችን ይዘን ከመጀመሪያው ሱቅ በረንዳ እንገባና ሳንረጥብ እስከ ስድስተኛው እንደርሳለን። ሉሕ ላይ የተጻፈ ቀለም ውሃ ካገኘው ያልቃል፤ ስለዚህ ያ በረንዳ ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር። በየሱቁ ደጃፍ የሚሸተው ሽታ ይለያያል። አንዱ ጋ ላምባ፣ አንዱ ጋ ሳሙና፣ አንዱ ጋ አዲስ አቡጀዲ፣ አንዱ ጋ በርበሬ። ዐይናችንን ብንጨፍን እንኳ የስንተኛው ሱቅ ደጃፍ ላይ እንደቆምን እናውቅ ነበር።

አንድ ቀን ሸይኻችን ፈራኢድ ሊያስተምሩን ተቀምጠው ነበር። የውርስ ክፍፍል ነው፤ ስምንተኛው፣ ስድስተኛው፣ ሲሶው እያለ የሚሄድ፤ ሒሳብ የማይወድ ደረሳ የሚያለቅስበት ትምህርት። ድንገት ኪታቡን አጠፉና "ስድስት ቤት ለየብቻው ቢሠራ ስንት ግድግዳ ይፈልጋል?" አሉን። 24 አልን። "አስፋልቱ ዳር ያሉት ሱቆችስ ስንት አላቸው?" ሮጠን ሄደን ቆጠርን። ፊት 6፣ ኋላ 6፣ አቋራጩ 7፤ በድምሩ 19። "እንግዲህ አምስት ግድግዳ ተረፈ" አሉ። "አምስቱ ግድግዳ የማን ነው?"

ማንም አልመለሰም። እሳቸውም መልሱን ሳይነግሩን ወደ ስድስተኛውና ወደ ሲሶው ተመለሱ።

ሱቆቹ የተሠሩት በንጉሡ ዘመን ነው። የመጀመሪያው ነጋዴ አራት ግድግዳ አቆመ። ሁለተኛው ከጎኑ ሲመጣ ሦስት ብቻ አቆመና የጣሪያውን እንጨት በጎረቤቱ ግድግዳ ላይ አሳረፈ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ገንዘብ ስላነሳቸው ነው እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም። አማርኛችን ለዚህ አሠራር የታወቀ ቃል አለው፤ ተራ። መርካቶ ገብቶ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ምናለሽ ተራ ያላለ የለም። ተራ ውስጥ ያለ ሱቅ ብቻውን አይቆምም፤ የአንዱ ጣሪያ በሌላው ትከሻ ላይ ነው።

ለምን ሱቅ? ይህን የዛሬ ወጣት የሚጠይቅ አይመስለንም። ነጋዴነት የሙስሊሙ ተፈጥሮ ይመስለዋል። አይደለም። ከአብዮቱ በፊት በሰሜኑ ደጋ የሚኖረው አብዛኛው ሙስሊም ርስት አልነበረውም። ማረስ የፈለገ የሰው መሬት ያርሳል፤ ያልፈለገ ይነግዳል፣ ወይም ሸማ ይሠራል። ነገሩ ሥር አለው። ጎንደር ላይ በአጼ ዮሐንስ አንደኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወስኗል። ቀሃ ወንዝ በኩል ያለው አዲስ ዓለም የሙስሊም ሰፈር ሆኖ የቆየው ከዚያ ታሪክ ጋር ነው። የጎንደር ሙስሊም ነጋዴዎች ግመልና በቅሎ ጭነው ወደ ምፅዋና ወደ ስናር ይወጡ ነበር፤ የእኛው ጎጃም ውስጥ የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያም የአባይ ማዶን ቡናና ወርቅ የሚያገናኝ ነበር። እግራቸው የማይደርስበት የለም፤ የሚቆሙበት መሬት ግን የሰው ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው አስፋልት ዳር ያለች አራት በስድስት ሜትር ሱቅ ሱቅ ብቻ አይደለችም። ርስቱ ናት። ልጁን "የእገሌ ልጅ" የሚያሰኝ ነገር ናት።

በ2009 ከሸይኻችን ጋር ሐረር ሄደን ነበር። መሳጂዶቹን ልናይ ነው የሄድነው፤ ልባችን ግን ጁገል ውስጥ ያሉት የሕንዶች ቤቶች ላይ ቀረ። የሐረሪ ቤት ለመንገደኛ ፊቱን አይሰጥም። በውጭ ሲያዩት ግንብ ነው፤ ውበቱ ሁሉ ወደ ውስጥ፣ ከፍ ዝቅ ብለው ከተሠሩት መደቦች ጋር ነው። የሕንዶቹ ቤት ሌላ ነው። ምኒልክ በ1879 ሐረርን ከያዙ በኋላ ተከትለው የገቡ ሕንዳውያን ነጋዴዎች ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ሁለት ደርብ ቤት ሠሩ፤ ላይኛው ደርብ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ የእንጨት በረንዳ አለው። ታች ንግድ፣ ላይ ኑሮ። ከጊዜ በኋላ ሐረሪዎቹም ከዚህ ወስደው ሁለቱን ያዳቀለ ቤት መሥራት ጀመሩ። ዩኔስኮ ጁገልን በ1998 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ እነዚህም ቤቶች የከተማዋ መልክ ተብለው ተቆጥረዋል።

እዚያ አንድ ትልቅ የእንጨት ቤት አለ፤ ሬምቦ ቤት ይሉታል፤ ሙዚየም ነው። ሬምቦ ሐረር ውስጥ ቡና ይነግድ የነበረ ፈረንሳዊ ገጣሚ ነው። ቤቱ ግን የሕንድ ነጋዴ ቤት ነው። ባለቅኔ አንድ ከተማ ውስጥ ጥቂት ዓመት ከኖረ ቤት በስሙ ይጠራለታል፤ ነጋዴ ቤት ሠርቶ ቢሞት ግን ስሙን የሚጠይቅ የለም። ሸይኻችን ይህን ሲሰሙ ሳቁና "እናንተም ከነጋዴ ይልቅ ገጣሚ ሁኑ" አሉን።

ከሐረር አልፈው እስከ አዲስ አበባ የዘለቁ ሕንዳውያን ሙስሊሞችም ነበሩ። በአራዳ ገበያ ከታወቁት ዋነኛው የመሐመድ አሊ ድርጅት ነው፤ ጣልያን አገሪቱን ከያዘ በኋላ እንዲወጣ ተደረገ። ጣልያን ገበያውን ራሱንም ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ያ ነው። አራዳ ደግሞ ፒያሳ ተባለ። ሰዎቹ ሄዱ፣ ስሙ ተቀየረ፣ ግድግዳው ግን ቆየ። ስለ ፒያሳ ኋላ እንመለሳለን።

ወደ ዱርቤቴ እንመለስና፣ 1967 ለሱቆቻችን ግራ የሚያጋባ ዓመት ነበር። የካቲት ላይ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ያልነበረው ሙስሊም ገበሬም መሬት አገኘ። ከዚያ በፊት በነበረው ሚያዝያ አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሙና ብዙ ክርስቲያን ወገኖቹ ለእኩልነት ሰልፍ ወጥተው ነበር፤ አባቶቻችን ያንን ሲያወሩ ዛሬም ድምፃቸው ይቀየራል። በዚያው በ1967፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ መጣ። ኪራዩ ከ100 ብር የማይበልጥ ትርፍ ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። አንዱ አዋጅ ገጠር ላለው ወንድም ርስት ሰጠ፤ ሌላው ከተማ ካለው ወንድም ርስቱን ወሰደ። ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው ምን ይባባሉ እንደነበር አስቡት።

ከስድስቱ ሱቆች አምስቱ ባለቤቶቻቸው ስለሚኖሩባቸው ተረፉ። ስድስተኛዋ የመጀመሪያው ነጋዴ ያከራያት ስለነበረች የቀበሌ ሆነች። ልዩነቱን ዛሬም በዐይን ማየት ይቻላል። አምስቱ በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ይመረጋሉ። የስድስተኛዋ ተከራይ "የእኔ አይደለም" ይላል፤ አከራዩ አካል ደግሞ በኪራዩ ሳንቲም እንኳን ጭቃ ጭድ አይገዛም። ግድግዳዋ ሆዱ ተነፍቶ ወደ አስፋልቱ አዘንብሏል። ያቆማት ከአምስተኛዋ ጋር የምትጋራው ግድግዳ ነው።

አሁን ወደ ጥፋታችን።

የሦስተኛዋ ሱቅ ባለቤት አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። አምስት ልጆች አሏቸው። በፈራኢድ ከፋፈልን፤ ሒሳቡ አልከበደንም። የከበደው አራት በስድስት ሜትር ሱቅ ለአምስት ሰው እንዴት እንደሚደርስ ነው። በመጨረሻ ሪያድ የሚሠራው ልጃቸው የሌሎቹን ድርሻ ገዝቶ ጠቀለለው። ከእኛ ጋር ሉሕ የያዘ ልጅ ነው። ክፉ አይደለም፤ ይህን በደንብ ጻፉልን። አሥር ዓመት በሰው አገር ፀሐይ ተቃጥሎ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለእናት አገሩ ሊያውል የመጣ ሰው ነው። ባለ ሁለት ፎቅ፣ ፊቱ መስታወት የሆነ ሕንፃ ሊሠራ ፈለገ። ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ። ስታስቡት ሐረር ያየነው ያው ነገር ነው።

ችግሩ ግድግዳው ነበር። በሦስተኛዋና በአራተኛዋ ሱቅ መሐል ያለው ግድግዳ የአራተኛዋን ጣሪያ ተሸክሟል። አራተኛዋ ሱቅ ውስጥ ክርና መርፌ፣ ሂናና ዕጣን የሚሸጡ እናት አሉ፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። በእኛ በኩል ነገሩ ወደ መስጂድ መጣ። ሸማግሌዎች ተቀመጡ፤ እኛ ጸሐፊ ሆንን። ካርታ ቀረበ፤ መስመሩ ከግድግዳው በወዲያኛው ጠርዝ ነው የተሰመረው። መስመሩን ያሰመረው ባለሙያ አንድ ቀን ሜትር ይዞ መጥቶ የሄደ ሰው ነው፤ ግድግዳው የጋራ መሆኑን የነገረው ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ ካርታ ሲያዩ ዝም አሉ። ወረቀት ከምስክር አፍ የሚበልጥበት ዘመን ነው። ግድግዳው የሦስተኛዋ ይዞታ ነው ተባለ፤ ሲያፈርስ ግን ለአራተኛዋ በራሱ ወጪ አዲስ ግድግዳ ሊሠራ ልጁ በደስታ ተስማማ። ጻፍን። አስፈረምን። ዱዓ ተደረገ፤ ቡና ተጠጣ።

በወረቀቱ ላይ "አዲስ ግድግዳ ይሠራላቸዋል" ይላል። መቼ እንደሚሠራ አይልም።

ግንቦት 2015 ላይ ፈረሰ። ልጁ ቃሉን ሊያጥፍ አልፈለገም፤ መጀመሪያ ኮለኑ ይቁም፣ ግድግዳው ከኮለኑ ጋር በብሎኬት አንድ ላይ ይሠራል አለ። ምክንያታዊ ነው፤ ሁለቴ ከመሥራት አንዴ ይሻላል። ኮለኖቹ ቆሙ። ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ የክልላችን ጸጥታ ደፈረሰ፣ መንገድ መዘጋት መከፈት ሆነ፣ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ የሚቀመስ አልሆነም። ልጁ ወደ ሪያድ ተመለሰ። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ አናታቸው ላይ የዛገ ፌሮ ያበጠሩ ኮለኖች ቆመዋል፤ ሱቆቹ ፊት ለፊት ሲታዩ ጥርሱ የወለቀ አፍ ይመስላሉ። በረንዳውም ተቆርጧል። ደረሶቻችን ዛሬ ሉሓቸውን በፌስታል ጠቅልለው ነው የሚሮጡት።

እናታችን ሁለት ክረምት በሸራ ኋላ አሳለፉ። ጣሪያቸውን በባሕር ዛፍ ደግፈን፣ ሸራ ወጥረን፣ ወጣቶች ተሰብስበን ያቅማችንን አድርገን ነበር፤ ሸራ ግን ግድግዳ አይሆንም። ዕጣኑ ረጠበ፣ ክሩ ሻገተ። በሁለተኛው ክረምት ሄደን ወረቀቱን ሳይወዱ በግድ ደግመን ስናነብላቸው ዝም ብለው ሰሙንና፣

"ልጄ፣ ያን ሁሉ ዓመት ዐረብኛ ስትቀሩ 'መቼ' የምትል ቃል አላጋጠመቻችሁም?" አሉን።

"መታ" ትባላለች። ነሕው ስንጀምር በመጀመሪያው ወር ነው የቀራናት።

ያን ምሽት ኪታብ ስናገላብጥ አደርን። ጎረቤት ጎረቤቱን በግድግዳው ላይ እንጨት እንዳያሳርፍ እንዳይከለክለው የሚያዝ ሐዲስ አቡ ሁረይራ አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። ደጋግመን ቀርተነዋል። ስንቀራው ግን ስለ ሌላ አገር ቤት የሚያወራ ይመስለን ነበር እንጂ በየቀኑ ከሥሩ ተጠልለን ስለምናልፍበት ግድግዳ መሆኑን አላስተዋልንም። ዑለሞች በደረጃው ተለያይተዋል፤ ኢማሙ አሕመድ ግዴታ ነው ብለው ያዙት፤ ኢማሙ ማሊክና ኢማሙ አቡ ሐኒፋ የሚወደድ መልካም ጉርብትና ነው አሉ። የማይለያዩበት ግን አለ። አቡ ሁረይራ ይህን ሲናገሩ ሰሚዎቻቸው ፊታቸውን ሲያዞሩ አይተው ተቆጥተዋል። በዚያ ዘመንም ሰው ስለ ግድግዳው ሲነገረው ፊቱን ያዞር ነበር ማለት ነው። እኛ ፊታችንን ወደ ካርታው አዞርን።

ይህን ሁሉ ካርዲፍ ለሚኖር የመድረሳ ጓደኛችን በድምፅ መልእክት አወራነው። ዌልስ ማለት ነው፤ ከእንግሊዝ በስተምዕራብ። እሱ ደግሞ ለሥራ የሚሄድባት አንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ አለች፤ የዋናውን መንገዷን ፎቶ ላከልን። ተያይዘው የቆሙ ቤቶች ናቸው፤ ታች ሱቅ፣ ላይ ረጃጅም መስኮት ያለው መኖሪያ። ጆርጅ የሚባሉ አራት ነገሥታት እ.ኤ.አ. ከ1714 እስከ 1830 ተከታትለው በነገሡበት ዘመን የተሠሩ ስለሆኑ የጆርጆች ዘመን ቤት ይሏቸዋል። ስናየው ገረመን። ድንጋይና ጡብ ይሁን እንጂ የዱርቤቴ ተራ ነው! ያም ነጋዴ፣ ይህም ነጋዴ፤ ያም ግድግዳ ለመቆጠብ፣ ይህም ግድግዳ ለመቆጠብ።

ጓደኛችን እንደሚለው እዚያ የተመዘገበ አሮጌ ቤት ያለው ሰው መስኮቱን እንኳ ያለ ፈቃድ መቀየር አይችልም፤ ባለቤቶቹም ብርዱ ሲገባባቸው ያማርራሉ። እኛን የያዘን ግን ሌላው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የጋራ ግድግዳ ሕግ አላቸው። የጋራውን ግድግዳ መንካት የፈለገ ሰው ለጎረቤቱ ሁለት ወር አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ሁለት ወር! እኛ ያጣናት "መቼ" እዚያ ሕግ ሆና ተቀምጣለች።

የተያያዘ ቤት ሁሉ ደግ ነው አንልም። እሳት ሲነሳ ያው ግድግዳ መንገድ ይሆናል። ጥቅምት 2017 ላይ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ሁላችንም አይተናል። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1666 ከነደደች በኋላ ነው ቤቶቿ በጡብና በድንጋይ እንዲሠሩ በሕግ የተገደደው። የእኛ ጭቃ እንጨት በውስጡ አለው። ስለዚህ "አሮጌው እንዳለ ይቆይ" የሚል ጽሑፍ እየጻፍን አይደለም። ጭቃ ቤት ውስጥ የማይኖር ሰው ስለ ጭቃ ቤት ውበት ሲያወራ እናታችን ቢሰሙት ይስቃሉ።

ስለ ፒያሳ እንመለሳለን ብለን ነበር። በ2016 ረመዷን የመስጂዱን ምንጣፍ ልንገዛ አዲስ አበባ ተላክን። መንገዱ ስላልታመነ አንድ ነጋዴ ትኬት ቆርጦልን ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ሄድን። ምንጣፉን መርካቶ አይተን፣ አንዋር መስጂድ ዐስር ሰግደን፣ ፆማችንን እስክናፈጥር በእግራችን ወደ ፒያሳ ወጣን። ያኔ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ፒያሳ እየፈረሰ ነበር። ዶሮ ማነቂያ የነበረው ሰፈር ሜዳ ሆኗል። ከፈራረሰው ጥግ አንድ ያልፈረሰ ቤት ጎን አየን። ጎረቤቱ ስለሌለ የጋራው ግድግዳ አሁን የውጭ ግድግዳ ሆኗል፤ በላዩም ላይ የሄደው ቤት ሁሉ ነገር ታትሟል። የክፍሎቹ ቀለም አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ፤ የደረጃው ጥርስ መሰል ምልክት፤ የመደርደሪያ ምስማሮች፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ካሌንደር ተሰቅሎ የነበረበት ነጭ አራት ማዕዘን። አንድ ሰው ቤቱ ሲፈርስ ካሌንደሩን አውርዶ ይዞት ሄዷል። አዛን ሲል እዚያው ቆመን ነበር። በቴምር አፈጠርን።

ፒያሳን ያፈረሰው ትልቅ እጅ ነው፤ ብዙ ሰው ብዙ ብሏል፤ እኛ የምንጨምረው የለም። ዱርቤቴን ግን ማንም አላዘዘንም። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ የዱርቤቴን ጭቃ ሱቅ ግን ማንም አላስመዘገበም፣ አንዳችን እንኳ አልጠየቅንም። አንድ ሰው የራሱን ሕንፃ ፈለገ፣ እኛም አንዲት ቃል ረሳን። በቃ። ያኔ ስድስቱን፣ ወይም አምስቱን ባለቤቶች አንድ ላይ አስቀምጠን፣ ተራውን እንደ ተራ በጡብ እናድሰው፣ በረንዳው ይቀጥል፣ ፎቅ የፈለገ ሁሉም ግድግዳ እንዲሸከም ሆኖ አብሮ ይሥራ ማለት ይቻል ነበር። ማንም አላለም። ካርታ ለየብቻ ስለሚሰጥ ሁላችንም ለየብቻ ማሰብ ለመድን።

ዘንድሮ ደግሞ የሁለተኛዋ ሱቅ ባለቤት ሊያፈርስ መጣ። ጎኑ ባዶ ስለሆነ ግድግዳው በዝናብ እየተሸረሸረ ነው፤ በሦስተኛዋ መፍረስ የተጎዳ ሁለተኛው ሰው እሱ ነው፤ እሱን ያሰበው አልነበረም። ከእሱ ወዲያ የመጀመሪያዋ ሱቅ አለች፤ የሐጂ ናት፤ ጣሪያቸው በሁለቱ መሐል ባለው ግድግዳ ላይ ነው ያረፈው። ከተረፉት አምስት ግድግዳዎች ሦስት ነበሩ የቀሩት። ይህ ከሄደ ሁለት።

በድጋሚ ጸሐፊ ተባልን። እምቢ ልንል አስበን ነበር፤ ሸይኻችን "የበላሸኸውን እስክሪብቶ ይዘህ የት ትሄዳለህ?" አሉን። በዚህ ጊዜ ከካርታው በፊት ሜትር ይዘን ሄድን። ግድግዳው 28 ሴንቲ ሜትር ነው። 14ቱ የሐጂ፣ 14ቱ የሁለተኛው ቤት ብለን ጻፍን፤ ካርታው ምንም ቢል ሁለቱም ባለቤቶች በዚህ ተስማሙ። መጀመሪያ የሐጂ አዲስ ግድግዳ በብሎኬት ይሠራል፤ ጣሪያቸው በአዲሱ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አሮጌው አይነካም። የሚሠራውም እስከ ግንቦት 30 ነው፤ ካልተሠራ ማፍረሱ ለሚቀጥለው በጋ ይዘገያል። በረንዳውም በሁለቱ ፊት እንዲቀጥል ይደረጋል። ይህችን የመጨረሻዋን እኛ ነን የጨመርናት፤ ምክንያቱን አልተናገርንም።

ለፊርማ በተቀመጥንበት ቀን እናታችን ሳይጠሩ መጡ። ጉዳዩ የእሳቸው አይደለም፤ ግድግዳቸውም በሌላ በኩል ነው፤ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና "አንብበው" አሉን። አነበብን። እስከ ግንቦት 30 የሚለው ላይ ስንደርስ እጃቸውን አነሱ።

"ድገማት።"

ደገምናት።